የየቲሙ ፎቶግራፍና የምስክሩ አማና

(በአዳማ ለለጋሾችና ለየቲም ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሶ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ ፎቶግራፍ ነው። ስለ ሥዕልና ስለ ፎቶግራፍ በዑለማዎቻችን ዘንድ የሚነሳው የፊቅህ ክርክር የታወቀ ነው፤ የዛሬው ጉዳያችን ግን እሱ አይደለም። ጉዳያችን የምስክርነት ጉዳይ ነው። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነገሌ ወይም በሻሸመኔ የሚኖር አንድ የቲም ልጅ ከማያውቀው ለጋሽ ጋር የሚገናኘው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ነገሮች ነው፤ በአንድ ገጽ ማመልከቻና በላዩ ላይ በተለጠፈ ጉርድ ፎቶግራፍ። ለጋሹ በጅዳ፣ በሚኒሶታ ወይም በአዲስ አበባ መርካቶ ሊሆን ይችላል። የልጁን ቤት አላየም፤ የአባቱን ጀናዛ አልሸኘም። ያየው ፎቶውን ብቻ ነው። እንግዲህ ፎቶግራፍ የማይታመን ነገር ከሆነ ልጁና ለጋሹ የሚተዋወቁበት መንገድ ይዘጋል።

ቀደም ባለው ዘመን በየከተማችን በነበሩት ፎቶ ቤቶች ውስጥ ከበስተጀርባ የሚዘረጋ፣ ዘንባባና ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ እንደነበረ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው በባሕር ዳርቻ የቆመ መስሎ ይነሳ ነበር። በዚህ ግን ማንም አልተታለለም፤ መጋረጃው ጨርቅ መሆኑን አንሺውም፣ ተነሺውም፣ ተመልካቹም ያውቁት ነበርና። መጋረጃው ሐሰት ቢሆንም በፊቱ የቆመው ሰው እውነት ነበር። ፎቶግራፍ ለምስክርነት የበቃውም በዚሁ ምክንያት ነው። ብርሃን በአንድ ሰው ፊት ላይ አርፎ ወደ ካሜራው ካልገባ በቀር የዚያ ሰው ፎቶ ሊገኝ አይችልም ነበር።

ይህ ነገር ዛሬ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2022 ዳል-ኢ 2፣ ሚድጆርኒና ስቴብል ዲፊውዥን የተባሉት ምስል ሠሪ ፕሮግራሞች ለሕዝብ ከቀረቡ ወዲህ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምስል መሥራት ለማንም የሚቻል ሆኗል። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ኮምፒውተሩ ከኢንተርኔት የተሰበሰቡ እጅግ ብዙ ምስሎችን ከነመግለጫቸው እየተመለከተ የትኛው ቃል ከየትኛው መልክ ጋር እንደሚሄድ ይማራል። ከዚያም እንደ አቧራ ከተበተነ ትርጉም የለሽ ነጠብጣብ ተነስቶ፣ ደረጃ በደረጃ እያጠራ፣ የታዘዘውን ቃል የሚመስል ምስል ያወጣል። «የሚያለቅስ የአፍሪካ ልጅ» ብሎ የጻፈ ሰው ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ምስሉን ያገኛል። እንባው አለ፤ የተቀደደው ሸሚዝ አለ፤ ከበስተኋላው የሣር ቤቱ አለ። ልጁ ግን የለም። እናት አልወለደችውም፤ አባትም አልሞተበትም።

ይህ ከሰደቃ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ሰው ቢኖር የቱርክን ነገር ያስታውስ። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2023) በቱርክና በሶርያ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ50,000 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። ሙስሊሙም ሌላውም ዓለም ለእርዳታ እጁን በዘረጋበት በዚያ ሰሞን፣ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ በፍርስራሽ መካከል ሕፃን አቅፎ የሚታይበት ምስል በትዊተር ላይ ተሰራጨ፤ ከሥሩም ክሪፕቶ የሚባለው የኢንተርኔት ገንዘብ የሚላክበት አድራሻ ተጽፎ ነበር። ቢቢሲ ጉዳዩን ተከታትሎ እንደዘገበው ምስሉ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ነበር። የሠራተኛው ቀኝ እጅ ስድስት ጣቶች ነበሩት። አጭበርባሪዎቹ በሌለ ሕፃን ስም፣ ከፍርስራሽ ሥር ላሉት እውነተኛ ሕፃናት ሊደርስ የሚገባውን ገንዘብ ወደ ራሳቸው ሊያዞሩ ሞከሩ።

ይሁን እንጂ ትልቁ ጉዳት የተሰረቀው ገንዘብ አይመስለኝም። ገንዘብ ይተካል። ትልቁ ጉዳት ሰው ሐሰተኛውን አምኖ ከተታለለ በኋላ እውነተኛውንም ማመን መተዉ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ዑመር አል-ቀጣ የተባለ የፈረንሳይ ዜና ወኪል የኤኤፍፒ ፎቶ አንሺ በጋዛ ከተማ በረሃብ የከሳች የዘጠኝ ዓመት ልጅ በእናቷ እቅፍ እንዳለች ፎቶ አነሳ። ፎቶው በኢንተርኔት ሲሰራጭ ብዙ ሰዎች ግሮክ የተባለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም «ይህ ፎቶ ከየት ነው?» ብለው ጠየቁት። ፕሮግራሙም በልበ ሙሉነት የ2018 የየመን ፎቶ ነው ብሎ መለሰ። ፎቶው ግን እውነተኛ ነበር፤ አንሺው ይታወቃል፤ ቀኑም ቦታውም ይታወቃል። እስቲ አስቡት፤ ልጅቷ ተርባ ሳለ መራቧን የሚመሰክርላት ፎቶ ሐሰተኛ ተባለባት። ሐሰተኛ ምስል በበዛበት ዘመን በደል የፈጸመ ሰውም «ይህ በኮምፒውተር የተሠራ ነው» ብሎ ከተጠያቂነት ማምለጫ ያገኛል።

እኛ ኢትዮጵያውያን የእውነተኛ ምስልን ዋጋ ከሌላው ሕዝብ ይበልጥ የምናውቅ ነን። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ሙሐመድ አሚን የተባለው ኬንያዊ ሙስሊም ካሜራማን ከቢቢሲው ጋዜጠኛ ከማይክል በርክ ጋር ወደ ኮረም ሄዶ የቀረጸው ፊልም ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ታየ። ያን ዜና ያዩ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ኮረም የት እንዳለች ሳያውቁ ገንዘባቸውን ሰጡ። የሰጡት ስላመኑ ነው፤ ያመኑትም አንድ ሰው ካሜራውን ተሸክሞ በዚያ ሜዳ እንደቆመ ስለሚያውቁ ነው። ይህ ሰው ለሙያው ዋጋ ከፍሏል፤ እ.ኤ.አ. በ1991 በአዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጥቷል። ኮምፒውተር ግን በቦታው አይገኝም፤ ስላላየውም ነገር ሊመሰክር አይችልም።

በቅርቡም ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሞቱ። የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት የሄዱትን ሁለተኛው ናዳ ደፈናቸው። ሕዝቡ በእጁና በአካፋ ጭቃ ሲቆፍር የሚያሳየው ምስል ከዚያው ከአካባቢው ወጥቶ ለዓለም ደረሰ፤ እርዳታም ተከተለ። ወደ እኛም ስንቀርብ፣ በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል፤ ንዝረቱም አዳማ ድረስ ተሰምቷል። እንዲህ ያለ ቀን ዳግም ቢመጣና ከመተሐራ የተላከ የፈረሰ ቤት ፎቶ ቢደርሰን፣ «ይህም የተሠራ ይሆናል» ብለን ስልካችንን ብንዘጋ ተጎጂው ማን ነው? ፎቶ የሚሠራው አጭበርባሪ አይደለም። በሜዳ ያደረው ቤተሰብ ነው።

ወንድሞችና እህቶች፤ በዚህ ነገር የሚሳሳቱት ሌቦች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ መከላከሉ በቀለለ ነበር። በጎ ዓላማ ያላቸው ድርጅቶችም ወደዚሁ መንገድ ገብተዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የአምነስቲ ኢንተርናሽናል የኖርዌይ ቅርንጫፍ በኮሎምቢያ ስለተፈጸመ በደል ሲናገር በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ ምስሎችን ተጠቀመ። በምስሉ ላይ የአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ ቀለማት ቅደም ተከተላቸው ተዛብቶ ነበር፤ ትችት ሲበዛም ምስሎቹ ተነሱ። በዚያው ዓመት የፕላን ኢንተርናሽናል የኔዘርላንድ ቅርንጫፍ ያለዕድሜ ጋብቻን ለመቃወም ባወጣው ፊልም በኮምፒውተር የተሠሩ የልጃገረዶች ምስሎችን አሳየ። ሁለቱም ምክንያት ነበራቸው፤ አንዱ ተቃዋሚዎችን ከመንግሥት በቀል ለመጠበቅ፣ ሌላው የእውነተኛ ልጃገረዶችን ክብር ለመጠበቅ ብለው ነው።

ይህ ምክንያት በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የየቲም ፊት የገንዘብ መለመኛ ሊሆን አይገባም። እናቱ ፎቶው እንዳይወጣ ብትፈልግ መብቷ ነው። ነገር ግን የአንዱን ልጅ ፊት ለመሸፈን ያልተወለደ ልጅ መፍጠር ግዴታ አይደለም። ልጁን ከጀርባው ማንሳት ይቻላል፤ ደብተሩን የያዘ እጁን ብቻ ማሳየት ይቻላል፤ ወይም ሥዕል አሥሎ «ይህ ሥዕል ነው» ብሎ ከሥሩ መጻፍ ይቻላል። ፊት መሸፈን ሐቅን መደበቅ አይደለም። የሌለን ልጅ አለ ብሎ ማሳየት ግን የሐሰት ምስክርነት ነው።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? እኛ በመድረሳ የተማርን ሰዎች መልሱ ከቤታችን አይርቅም። የሐዲስ ሊቃውንት አንድ ዘገባ ሲመጣላቸው የቃሉን ማማር ብቻ አይተው አልተቀበሉም። ማን ነገረህ? እሱስ ከማን ሰማ? ተገናኝተዋልን? ታማኝ ነበርን? እያሉ ሰንሰለቱን መረመሩ። በ256 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም አል-ቡኻሪ የታወቁት በዚህ ጥንቃቄያቸው ነው። ማንነቱ ያልታወቀ ዘጋቢ «መጅሁል» ይባላል፤ ንግግሩ ምንም ቢያምር ማስረጃ አይሆንም። ዛሬ በቴሌግራምና በዋትሳፕ የሚደርሰን፣ አንሺው የማይታወቅ ፎቶም እንዲሁ መጅሁል ነው። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ዜናን እንድናጣራ የታዘዝነውም ባለማወቅ ሰውን እንዳንጎዳ ነው። ሰው የሚጎዳው ደግሞ ሐሰትን በማመን ብቻ አይደለም፤ እውነተኛውን ተበዳይ ውሸታም በማለትም ይጎዳል።

ስለዚህ ለጋሾችን የማሳስበው የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ በዓይናችሁ ብቻ አትተማመኑ። የስድስት ጣት ዘመን እያለፈ ነው፤ ፕሮግራሞቹ በየጊዜው ስለሚሻሻሉ ነገ በዓይን የሚለይ ስሕተት ላይገኝ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሰንሰለቱን ጠይቁ። ፎቶውን ማን አነሳው? መቼና የት? የልጁ አሳዳጊ ማን ነው? የመስጂዱ ኢማም፣ እድሩ ወይም መምህሩ ያውቁታልን? በስልክ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ፎቶ የተነሳበትን ቀንና ቦታ የሚይዘው መረጃ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚጠፋበት፣ «ለሌሎችም አስተላልፉ» የሚል ጽሑፍ ማስረጃ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ያላጣራችሁትን ምስል አታስተላልፉ። ያስተላለፈ ሰው ከሰንሰለቱ አንዱ ሆኗልና።

አራተኛ፣ ጥርጣሬ ለንፉግነት ሰበብ አይሁን። የተጠራጠረ ሰው ይጠይቅ፤ የሚችል ሄዶ ይይ። ከአዳማ ሞጆ ሩቅ አይደለም።

የየቲም ቤተሰቦችና በማኅበሮቻችን የምታገለግሉ ወንድሞችና እህቶችም ድርሻ አላችሁ። የልጁን ፎቶ በስልክ ፕሮግራም አታሳምሩ፤ አታጥቁሩ፤ እንባም አትጨምሩበት። ከፎቶው ጀርባ የተነሳበትን ቀን፣ የከተማውን ስምና የአንሺውን ስም ጻፉ። ልጅ ያድጋልና በየዓመቱ አዲስ ፎቶ ይነሳ። ከፎቶው ጋር የአባቱ የሞት ማስረጃ፣ የትምህርት ቤት ካርዱና የአሳዳጊው ፊርማ ይያያዝ። ፎቶው ብቻውን ሲቆም ደካማ ነው፤ ከሰውና ከሰነድ ጋር ሲቆም ግን ይጸናል።

ቴክኖሎጂው ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ መወሰን የእኛ ሥልጣን አይደለም። በእጃችን ያለው የራሳችን ምስክርነት ነው። በዚህ ከተማ አንድ ሰው «ይህን ልጅ አውቀዋለሁ፤ ቤቱን አይቻለሁ፤ አባቱን ቀብሬያለሁ» ብሎ ስሙን ጽፎ ቢፈርም፣ ያን ፊርማ የትኛውም ፕሮግራም ሊተካው አይችልም። ለየቲሙ ገንዘብ የሌለው ሰው እንኳ ይህን ምስክርነት ሊሰጠው ይችላል።

አላህ (ሱ.ወ.) በእውነት ከሚመሰክሩት ያድርገን፤ የየቲሞችን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን፤ የሰጣችሁትንም ይቀበላችሁ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።