የዘር ዋጋና የሀብሩ ገበሬ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የአንድ መሣሪያ ዋጋ የሚታወቀው በተገዛበት ቀን ብቻ አይደለም፤ በተበላሸ ጊዜ መተኪያው በሚያስወጣው ገንዘብ ጭምር እንጂ። ዘረመሉ የተለወጠ ዘርም በዚሁ ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል።

በመርሳ ዙሪያ ባለው የሀብሩ ቆላ፣ ገበሬው የበልጉ ዝናም ሲጥል እንደ ደጋሊትና ጅጉርቴ ያለውን ዘግይቶ የሚደርስ ማሽላ ይዘራል። ዝናሙ ተቋርጦ ቡቃያው ቢደርቅ መሬቱን እንደገና አርሶ ፈጥኖ የሚደርስ ማሽላ፣ ያም ባይሳካ ጤፍ ይዘራበታል። ስለሆነም በአንድ ዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ መዝራት ግድ የሚሆንበት ዘመን አለ። ይህን ለመቻል የበቃው፣ ከራሱ ምርት መርጦ ያኖረው ዘር በቤቱ ስላለ ነው። ዘሩ ሁሉ የሚገዛ ቢሆን ኖሮ፣ ዝናም በቀረ ቁጥር ዕዳ በዕዳ ላይ በተደራረበበት ነበር።

አገራችን በ2001 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 655 ጥብቅ የደኅንነተ ሕይወት ሥርዐት ደነገገች፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 896 አሻሻለችው። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ከሕንድ የመጡ ሁለት የጥጥ ዘሮች ለእርሻ ተፈቀዱ። ከአፈር ባክቴሪያ የተወሰደው ዘረመል ጓይ ትልን የሚገድል ፕሮቲን ስለሚያስገኝ የመድኃኒት ርጭትን ይቀንሳል፤ ይህ የማይካድ ጥቅም ነው። ነገር ግን ዘሮቹ ዲቃላ ናቸውና ከምርቱ ተቀንሶ ቢዘራ ጠባዩን አይጠብቅም፤ በየዓመቱ መግዛት ያስፈልጋል። መስኖ ያለው ሰፊ እርሻ ይህን ወጪ ይችለው ይሆናል፤ ሰማይ ሰማይ የሚያየው ባለ ጥማድ ግን አይችለውም።

ይህም ሲባል ሳይንስ ይቅር ማለት አይደለም። ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ለዚሁ ቆላ የሚስማማ ማሽላ ሲያሻሽል ኖሯል። አቀንጭራን የሚቋቋሙት ጎብዬና አብሽር የተባሉት ማሽሎችም በተለመደው የማዳቀል ዘዴ የተገኙ ናቸው፤ ገበሬው ከምርቱ ዘር ሊያስቀር ይችላል። እንግዲህ ወጪውን የሚወስነው የዘረመሉ መለወጥ ሳይሆን የዘሩ ባለቤትነት ነው።

ስለዚህ ማንኛውም አዲስ ዘር ወደ ሀብሩ ከመግባቱ በፊት ሁለት ጥያቄዎች በአኀዝ ይመለሱ፦ ገበሬው ከምርቱ ዘር ማስቀረት ይችላልን? ዝናም ቀርቶ ዳግመኛ ሲዘራስ የሁለተኛውን ዘር ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?