ንዋያተ ቅድሳትን ከብል እንጠብቅ
(በልደታ ክፍለ ከተማ ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤያት ከቀረበ ንግግር)



ግንቦት 1 ቀን የልደታ ለማርያም በዓል ሲከበር ከየዕቃ ቤቱ የወጡት ካባዎች፣ ጥላዎችና መጎናጸፊያዎች በዓሉ ሲያልፍ ታጥፈው ወደ ሣጥን ይመለሳሉ። ብዙዎቹም ክረምቱን በሙሉ ሳይከፈቱ ይቆያሉ። ብል የሚሻው ይህንኑ ነው፤ ጨለማና ማንም የማይነካው እጥፋት።

በዕቃ ቤት ስትበር የምትታየው ትንሽ ወርቃማ የእሳት ራት ልብስ አትበላም። የሚበላው ከእንቁላሏ የሚፈለፈለው እጭ ነው። ስለዚህ የምትበረውን መግደል ብቻውን ሣጥኑን አያድንም። እጩ የሚመገበው ከእንስሳት የተገኘውን ሱፍ፣ ሐር፣ ጸጉርና ላባ ነው። ንጹሕ የጥጥ ሸማ አይማርከውም፤ ላብና ቅባት የነካውን ግን አይምረውም። እንግዲህ ሳይታጠብ የሚታጠፍ ልብስ ለብል እንደ ተሰናዳ ማዕድ ነው።

ከዚህ ተነሥተን የምንመክረው የሚከተለውን ነው። ሰኔ ሳይገባ፣ በደረቅ ቀን፣ ሣጥኑ ይከፈት። እያንዳንዱ ልብስ ተዘርግቶ በእጥፋቱ፣ በአንገትጌውና በስፌቱ በኩል በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ። ጥንታዊ ሐርና ጥልፍ ግን ፀሐይ ቀለሙን ስለሚያደበዝዘው በጥላ ሥር ይናፈስ። የሣጥኑ ማዕዘናትና የምንጣፉ ሥርም አይዘንጉ። ብል የተገኘበት ልብስ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሌላው ይለይ፤ ትንሽ የሱፍ ልብስ ከሆነ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ ለአንድ ሳምንት ቢቆይ እጩም እንቁላሉም ይሞታል።

ናፍታሊንን በተመለከተ ጥንቃቄ እንሻለን። ሽታው መርዝ ነው፤ ሕፃናት ቢውጡት ቀይ የደም ሕዋሳትን ይሰባብራል። ስለዚህ ታዳጊ ዲያቆናት በሚያድሩበት ወይም በሚማሩበት ክፍል አይቀመጥ።

በመጨረሻም ስለ ኃላፊነት። ንዋያተ ቅድሳቱን የሚነኩት ካህናትና ዲያቆናት ናቸው፤ በጀቱን የሚይዘው ሰበካ ጉባኤው ነው። ካህናቱ ጉዳቱን አይተው ካልተናገሩ፣ ጉባኤውም ካልጠየቀ፣ ምእመናን በስለት ያገቡት ካባ በሁለቱ መካከል ያልቃል። በየዓመቱ ግንቦት ላይ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ የእያንዳንዱን ልብስ ይዞታ በመዝገብ አስፍሮ ለጉባኤው ያቅርብ፤ ጉባኤውም ለብሩሽ፣ ለንጹሕ አቡጀዲና ለጥሩ ሣጥን የሚያስፈልገውን ይመድብ። ወጪው ጥቂት ነው፤ የሚያድነው ግን በገንዘብ የማይተካ ቅርስ ነው።