ጋዜጣ ትምህርት ቤት ነውን?



ዛሬ የምነግራችሁ በሕንድ አገር ስለሚታተም አንድ ዕለታዊ ጋዜጣ ነው። ይህ ጋዜጣ አንድ ጊዜ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ «እኔ ሕዝብ አስተምራለሁ፤ ሥራዬም ትምህርት ነው» ብሎ ተከራክሯል። ክርክሩ እናንተንም ይነካል። እንዴት እንደሚነካችሁ ወደ በኋላ ታዩታላችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጋዜጣው የሚጻፍበት ቋንቋ ከነዳ ይባላል። «ነ»ን ጠበቅ አድርጋችሁ አንብቡ። ካናዳ ከምትባለው አገር ጋር አይገናኝም። ቋንቋው የሚነገረው በደቡብ ሕንድ፣ ካርናታካ በሚባለው ክፍለ ሀገር ነው። የራሱም ፊደል አለው። ፊደሉ ከእኛ ፊደል ጋር በመልክ አይመሳሰልም፤ አሠራሩ ግን እንግዳ አይሆንባችሁም። እኛ በ«ለ» ላይ ምልክት ጨምረን «ሉ»፣ «ሊ» እንደምንል፣ እነሱም በፊደላቸው ላይ ምልክት እየጨመሩ ድምፁን ይለውጣሉ። ሁለት ድምፆች ሲጣበቁ ደግሞ ሁለተኛውን ፊደል ከመጀመሪያው ሥር ያንጠለጥሉታል። እስቲ አስቡት፣ በብረት ፊደል በሚታተምበት ዘመን ያ ሁሉ ተንጠልጣይ ለፊደል ለቃሚው ምን ያህል ሥራ እንደነበረ!

የጋዜጣው ስም ሳምዩክታ ካርናታካ ነው። ትርጉሙ «የተባበረች ካርናታካ» ማለት ነው። ስሙን ልብ በሉልኝ። ይህ ስም ሲወጣ የተባበረች ካርናታካ የምትባል አገር አልነበረችም።

ከነዳ ተናጋሪው ሕዝብ በእንግሊዞች ዘመን ተበታትኖ ይኖር ነበር። ከፊሉ በቦምቤይ፣ ከፊሉ በማድራስ ግዛት ሥር ነበር። ከፊሉ በማይሶር ንጉሥ፣ ከፊሉም በሃይደራባድ ገዥ ሥር ነበር። ኩርግ የምትባለው ትንሽ ተራራማ አገር ደግሞ ለብቻዋ ትተዳደር ነበር። ማይሶር ላይ ቋንቋው የራሱ ቤት ነበረው። በሌላው ግን በገዛ አገሩ እንግዳ ነበር። በቦምቤይ ግዛት ጎልቶ የሚሰማው ማራትኛና ጉጅራትኛ ነበር፤ በማድራስ ታሚልኛና ቴሉጉኛ ነበር። በሃይደራባድ የመንግሥቱ ቋንቋ ኡርዱ ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ እንግሊዝኛ አለ።

ጋዜጣው የሚታተምባት የሁብሊ ከተማ ያን ጊዜ በቦምቤይ ግዛት ውስጥ ነበረች። በዚያች ከተማ «የተባበረች ካርናታካ» የሚል ርዕስ በየዕለቱ በከነዳ ፊደል ማተም ራሱ ንግግር ነበር። ሕዝቡ የተባበረው ኖቬምበር 1 ቀን 1956 ነው። ያን ጊዜም ክፍለ ሀገሩ ማይሶር ተባለ እንጂ ካርናታካ አልተባለም። ካርናታካ የተባለው በ1973 ነው። ስለዚህ የጋዜጣው ስም ከአገሩ ስም ቀድሞ ነው የተወለደው። ይህን ሁሉ ጋዜጣው ብቻውን ሠራው አልልም፤ ለዚህ ብዙ ሰው ደክሟል።

በጋዜጣው ታሪክ ስማቸው ከሚነሣው አንዱ ራንጋናት ዲዋካር ናቸው። ለነፃነት ሲታገሉ እንግሊዞች አስረዋቸዋል። ሕንድ ነፃ ከወጣች በኋላ የማስታወቂያ ሚኒስትር፣ ቀጥሎም የቢሃር አገረ ገዥ ሆነዋል።

ጋዜጣውን የያዘው ድርጅት በ1935 የተቋቋመ ነው። ስሙ ሎካ ሺክሻና ይባላል፤ «የሕዝብ ትምህርት» እንደማለት ነው። በመቋቋሚያ ጽሑፉ ላይ ዓላማው ሕዝብን ማስተማር እንደሆነ ተጽፏል። ለዚህም የንባብ ክፍልና ቤተ መጻሕፍት ይከፍታል፣ ማተሚያ ቤት ያቆማል፣ በከነዳ ቋንቋ ጋዜጣ ያወጣል ይላል። ከዕለታዊው ጋዜጣ ሌላ ካርማቪራ የተባለ ሳምንታዊና ካስቱሪ የተባለ ወርኀዊ መጽሔትም ያሳትም ነበር።

ነገሩ ፍርድ ቤት የደረሰው በግብር ምክንያት ነው። በሕንድ ሕግ ለትምህርት የቆመ ድርጅት ከገቢው ላይ ግብር አይከፍልም። ግብር ሰብሳቢው ግን «ጋዜጣ ታትማላችሁ፣ ትሸጣላችሁ፣ ታተርፋላችሁ፤ ይህ ምኑ ትምህርት ነው?» አለ። ክርክሩ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት እየወጣ በ1975 ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰ።

ዳኛ ሃንስ ራጅ ካና ሲፈርዱ ያመጡት ምሳሌ ደስ ይላል። ሰው ሲጓዝ ይማራል፤ ጋዜጣ ሲያነብ፣ የዱር አራዊት የሚታዩበትን ሥፍራ ሲጎበኝም ይማራል አሉ። ኪሳችሁን የሚያወልቅ ሌባ እንኳ አንድ ትምህርት ይሰጣችኋል አሉ። ሕጉ ትምህርት የሚለው ግን ይህን አይደለም። ወጣቱን ለኑሮ ሥራ የሚያዘጋጅ፣ በሥርዓት የሚሰጥ ትምህርት ነው አሉ። ጋዜጣው ተረታ።

እኔ የሕፃናት አስተማሪ ነኝ። መቼም ዳኞቹ ወሰን ማበጀታቸውን አልወቅስም። ወሰን ባይኖር ነገ ሲኒማ ቤቱም «አስተምራለሁ፣ ግብር አልከፍልም» ይላል። እኔ የምቆመው «ወጣቱን» በምትለው ቃል ላይ ነው። ታዲያ በአርባ ዓመቱ ፊደል የቆጠረውስ? ልጆቿን ድራ ስሟን መጻፍ የተማረችውስ?

ክፍሉ ተዘግቶ መምህሩ ሲሄድ፣ የሚነበብ ነገር ያጣ ሰው ፊደሉ ይጠፋበታል። ዕለታዊ ጋዜጣ እዚህ ላይ ነው የሚረዳው። ዝናብ፣ ዋጋ፣ መንገድ፣ የጤፍ ገበያ የሚሉት ቃላት ዛሬ ይመጣሉ፤ ነገም ተመልሰው ይመጣሉ። በመጀመሪያው ቀን «መ-ን-ገ-ድ» እያላችሁ ፊደል በፊደል ታነባላችሁ። እየዋለ እያደረ ግን ቃሉን እንደ ጎረቤት ፊት ገና ስታዩት ታውቁታላችሁ። ይህን እኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በአንድ ወር አልሠራውም። በሥርዓት የሚሰጥ ትምህርት አይደለም፤ ትምህርት አይደለም ማለት ግን ይከብደኛል።

በ1983 የሕንድ ፓርላማ ከዚያ ሕግ ውስጥ ስለ ትርፍ የሚናገረውን ሐረግ አወጣ። በኋላ ደግሞ ሌላ ገደብ ገባ። የ1975ቱ የትምህርት ትርጉም ግን እንዳለ ነው። በ2022 ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌላ የግብር ጉዳይ ሲፈርድ እንደገና አጽንቶታል። ሳምዩክታ ካርናታካም ዛሬ ድረስ ከሁብሊ ይወጣል።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃን።