ኮርኒያን የሸፈነው ስስ ልባስ

ኮርኒያ ከዓይን ፊት ለፊት ያለው ጥርት ያለ ክፍል ነው። ውጫዊ ልባሱ ከ5 እስከ 7 የሚደርስ የሴሎች ድርብርብ ሲሆን ውፍረቱ 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የደም ሥር የለውም፤ ኦክስጅን በአብዛኛው የሚያገኘው በእንባ በኩል ከአየር ነው። የነርቭ ጫፎች ግን ሞልተውበታል፤ ቅንጣት እብቅ ያን ያህል የምታንገበግበውም ለዚህ ነው።

በባሌ ደጋ፣ በሮቤና በጎባ ዙሪያ፣ ስንዴና ገብስ ሲወቃ እብቅ ዓይን ውስጥ ይገባል። ጭረቱ ትንሽ ከሆነ በዙሪያው ያሉት ሴሎች ተንሸራተው ክፍተቱን ይሸፍኑታል፤ ቀጥሎም ይባዛሉ። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ይወስዳል። ያለ ጉዳትም ቢሆን ልባሱ በሳምንት ወይም በ10 ቀን ውስጥ ይታደሳል። አዳዲሶቹ ሴሎች የሚመነጩት በኮርኒያና በነጩ የዓይን ክፍል ድንበር ላይ ካሉ ግንድ ሴሎች ነው። ምንጩ ከተጎዳ ግን የደም ሥር ወደ ኮርኒያው ይዘልቃል፣ እይታም ይደበዝዛል።

አደጋው የሚከፋው ጭረቱ ሲመረዝ ነው። ከእህል ብናኝ ጋር የሚገባ ሻጋታ ቁስሉን ጥልቅ ያደርገዋል፤ ሲድንም ነጭ ጠባሳ ይተዋል። እብቁን በምላስ ማውጣት ወይም ቅጠል መጭመቅ ደግሞ ጀርም ይጨምራል፤ በንጹሕ ውኃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይሻላል። ልባሱን የሚጭረው እብቅ ብቻ አይደለም፤ ትራኮማ የተባለው የዓይን በሽታ የዓይን ቆብን ወደ ውስጥ ሲቀለብስ፣ ፀጉሩ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ልባሱን ይፍቀዋል፤ የልባሱ መዳን ከጭረቱ ጋር እኩል መሮጥ ያቅተዋል። መፍትሔው የዓይን ቆቡን በቀላል ቀዶ ጥገና ማቃናት ነው፤ ቀድሞ የተፈጠረውን ጠባሳ ግን አያጠፋውም።