ከጓሮ ቅጠልና ከእጣን ሽቶ ማዘጋጀት፦ የተማርነውና የከፈልነው ዋጋ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንዲት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ከቀረበ ንግግር)



በዚህ መድረክ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ስንዴ ገበያ ብዙ ተነግሯል። እኔ ግን የምናገረው ስለ ሽቶ ነው። አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። እኔም በመጀመሪያ በቀበሌያችን ያሉ 14 እናቶች ጥያቄውን ሲያነሱልኝ ፈገግ ብዬ ነበር። ከኮሌጅ በዲፕሎማ ስመረቅ ስለ ሽቶ የተማርኩት ነገር አልነበረም። አንዲት እናት ግን፣ “ልጄ፣ ጦስኙን በጆንያ ሸጠን የምናገኘው የጨው መግዣ ነው። ቅጠሉን ከመሸጥ ሽታውን ብንሸጥስ?” አሉኝ። ሥራው የተጀመረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ነገሩ ለእናቶቻችን እንግዳ አይደለም። አደስ ወቅጠው ከቅቤ ጋር ለፀጉር ሲቀቡ ኖረዋል። ቅቤ ሲያነጥሩም ኮረሪማና በሶብላ ይጨምራሉ። የቅጠሉ ሽታ ያለው በውስጡ ባለው ዘይት ነው። ይህ ዘይት ከውሃ ጋር አይዋሃድም፤ ከቅቤና ከጠንካራ አልኮል ጋር ግን ይዋሃዳል። እኛ በቅቤው ፋንታ አልኮል ተጠቀምን፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

አሠራሩ የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ ቅጠሉ በጥላ ሥር ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ሽታው ይበናል። በደንብ የደረቀ ቅጠል በእጅ ሲታሽ ይሰባበራል። ከዚያ 200 ግራም ደረቅ ቅጠል ለ1 ሊትር አልኮል ተመዝኖ አፉ በሚገጥም የመስተዋት ዕቃ ይዘፈዘፋል። ዕቃው ብርሃን በማይደርስበት ቦታ ተቀምጦ በየቀኑ ይነቀነቃል። ከሁለት ሳምንት በኋላ በንጹህ ስስ ጨርቅ ተጨምቆ ይጠለላል። በዚያው አልኮል ላይ አዲስ ደረቅ ቅጠል ተጨምሮ እንደገና ይዘፈዘፋል። ይህ ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ሽታው ይጠነክራል።

እጣን ሲሆን በማለዳ ብርድ፣ ሳይለሰልስ በሙቀጫ ይወቀጣል። በዚያው ልክ ተመዝኖ ለአንድ ወር ያህል ይቆያል። ከሥሩ ነጭ ዝቃጭ ቢቀር አትደንግጡ፤ በአልኮል የማይሟሟው ሙጫው ነው። ከላይ የጠራው ይወሰዳል። መውጣቱን ለማወቅ ጥቂት ጠብታ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ላይ ጠብ ማድረግ ነው፤ ውሃው ወተት መስሎ ከደፈረሰ እጣኑ ወጥቷል ማለት ነው። እጣን ሌላውን ሽታ ቶሎ እንዳይበን ይይዛል። እኛ የለመድነው 5 እጅ አደስ፣ 2 እጅ ጠጅ ሳርና 1 እጅ እጣን ቀላቅለን ለአንድ ወር ማሳረፍ ነው። ጦስኝ ለቆዳ ኃይለኛ ስለሆነ በትንሹ ብቻ እንጨምራለን።

አልኮሉን በተመለከተ ጥንቃቄ ያሻል። የቤት አረቄ ለዚህ አይሆንም፤ ውሃው ይበዛል፣ የጌሾና የጭስ ሽታም አለው። የሚያስፈልገው 95 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ንጹህ ኤታኖል ነው። ይህም በአገራችን ከስኳር ተረፈ ምርት፣ ከሞላሰስ ይመረታል። ለማቃጠያና ለቀለም ሥራ የሚሸጠው አልኮል ግን ዓይን የሚያጠፋና የሚገድል ሜታኖል ሊኖርበት ስለሚችል በፍጹም አይወሰድ። የተዘጋጀው ሽቶም አይጠጣም። ሥራው ከምድጃ፣ ከኩራዝና ከሻማ ርቆ ይከናወን፤ የአልኮል ትነት እሳት ይስባል። ዕቃው ልጆች በማይደርሱበት ይቀመጥ።

ክቡራትና ክቡራን፣ አሁን ደግሞ ስለ ስህተታችን ልንገራችሁ። “ስህተታችን” ስል የእኔን ማለቴ ነው።

የመጀመሪያውን ዙር የሠራነው እናቶች ከቁጠባቸው አዋጥተው በገዙት 10 ሊትር አልኮል ነው። እርጥብ ቅጠል ይሻላል ብዬ የመከርኩት እኔ ነኝ። ለ10 ሊትር 5 ኪሎ እርጥብ ቅጠል ጨመርን። ከእርጥብ ቅጠል ክብደት ውስጥ ብዙው ውሃ ነው። ሦስት አራተኛው ውሃ ነው ብንል እንኳ ወደ 4 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ገባበት ማለት ነው፤ 95 በመቶ የነበረው አልኮል ወደ 70 በመቶ ወረደ። የወጣው አረንጓዴ፣ የታጨደ ሣር የሚሸት ነገር ነበር። ገዢ አላገኘም። የቁጠባው ገንዘብ በእኔ ምክር ባከነ።

ሁለተኛው ስህተት ከዚህ ይብሳል። ሽታው ደስ ስላለን ጤና አዳም ዘፍዝፈን ጨመርን። አንዲት እናት አንገታቸውን ተቀብተው አጨዳ ወጡ። በማግስቱ የተቀቡት ቦታ ቀላ፣ ቀጥሎም ውሃ ቋጠረ። ጠባሳው ለወራት ጥቁር ሆኖ ቆየ። በኋላ አንብቤ እንደተረዳሁት በጤና አዳም ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። የሎሚ ልጣጭም እንዲሁ ነው። በቡና ስለምንጠጣው ለቆዳም ደግ ይሆናል ብዬ መገመቴ ስህተት ነበር። እናታችን ቤት ሄጄ ይቅርታ ስጠይቅ፣ “አንቺ ባትነግሪን ኖሮ ነው መቀየም፤ አሁን ለሌላው ንገሪ” አሉኝ። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ለዚህ ነው። ስለዚህ ማንኛውም አዲስ ሽቶ በቅድሚያ በክንድ ውስጠኛ ክፍል በትንሹ ተቀብቶ ለአንድ ቀን ይታይ፤ ጤና አዳምና የሎሚ ልጣጭ ጭራሽ አይግቡበት።

ሌላም የሚያሳስበን ጉዳይ አለ። ከጣርማ በር እስከ መንዝ ደጋ የምናውቀው ጦስኝ ከኢትዮጵያ ሌላ በተፈጥሮ የትም አይበቅልም። እኛ ግን ከነሥሩ እየነቀልን ነው። የተነቀለ ጦስኝ ለከርሞ የለም። ከሥሩ ከፍ ብሎ በማጭድ የታጨደ ግን መልሶ ያቆጠቁጣል። አደስና ጠጅ ሳርም በጓሮ ይተከሉ። ሽቶ ሠርተን ተራራውን ካራቆትን ልማት ሠራን አይባልም።

ከዚህ በመነሳት ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ዩኒየናችን ለማዳበሪያ እንደሚያደርገው ሁሉ ንጹህ አልኮልና ጠርሙስ በጅምላ ገዝቶ ለማኅበራት ያቅርብ፤ አንዲት ሴት ብቻዋን ስትገዛ ዋጋውም ይከብዳታል፣ የተበላሸ አልኮልም ሊያጋጥማት ይችላል። ሁለተኛ፣ የቀበሌና የወረዳ ኃላፊዎች ከነዋሪው ጋር መክረው በወል መሬት ላይ ጦስኝን ከነሥሩ መንቀል የሚከለክል ደንብ ያውጡ። ሦስተኛ፣ ሽቶን ጨምሮ የመዋቢያ ምርቶችን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ስላለ፣ ምርታችን ወደ ሱቅ ከመውጣቱ በፊት የፈቃዱን ጉዳይ ዩኒየኑ ይከታተልልን።

ማንም ስንዴውን ትቶ ሽቶ ይሥራ አላልኩም። ይህ የጓሮና የትርፍ ሰዓት ሥራ ነው። ነገር ግን እነዚያ እናቶች ገንዘባቸው ከባከነ በኋላ ተስፋ ቆርጠው አልተበተኑም። እንደገና አዋጡ፣ ቅጠሉን አደረቁ፣ መዘኑ። ዛሬ በበዓሉ አዳራሽ መግቢያ ያያችኋቸው ትናንሽ ጠርሙሶች የእነሱ ናቸው። ኪሳራውን አንዷ ብቻዋን ተሸክማው ቢሆን ኖሮ እነዚህ ጠርሙሶች አይኖሩም ነበር። አባቶቻችን “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ያሉት ይህንኑ ነው።

መጪው ዘመን የሥራና የአንድነት ይሁንልን።