የብዙዎች አባት፦ የዐብዱሰታር ኤድሂ ሕይወት ለየቲም አሳዳጊዎች

(ለማኅበሩ ለጋሾችና ለየቲም ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። ነቢያችን ገና ሳይወለዱ አባታቸውን፣ በስድስት ዓመታቸው እናታቸውን፣ በስምንት ዓመታቸውም አያታቸውን ያጡ የቲም እንደነበሩ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ በኋላ ያሳደጓቸው አጎታቸው አቡ ጧሊብ ባለጸጋ አልነበሩም፤ ልጆች የበዙባቸው፣ ኑሮ ያጠራቸው ሰው ነበሩ። ይሁን እንጂ የወንድማቸውን ልጅ ከራሳቸው ልጆች ጋር ከአንድ ማዕድ አስቀመጡ። የቲምን ማሳደግ ከሀብት አስቀድሞ የልብ ጉዳይ መሆኑን የምንማረው ከዚህ ነው።

ዛሬ ልናስታውሳቸው የወደድናቸው ሰው ግን በእኛው ዘመን የኖሩ ናቸው። እኒህም የፓኪስታኑ ዐብዱሰታር ኤድሂ (ረሒመሁላህ) ናቸው። ከሌሎች ሁሉ እርሳቸውን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙዎቻችን «እኔ ምን ኖሮኝ ነው የቲም የማሳድገው?» እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ በረመዷን እጃችንን ዘርግተን በሸዋል እንሰበስባለን። ለሁለቱም ወገን የዚህ ሰው ሕይወት በቂ መልስ ይዟል። የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤድሂ በ1928 በህንድ ጉጅራት ውስጥ ባንትቫ በተባለች ከተማ ተወለዱ። ልጅ ሳሉ እናታቸው በየቀኑ ሁለት ሳንቲም ይሰጧቸው ነበር፤ አንዱ ለራሳቸው፣ ሁለተኛው ለተቸገረ ሰው። አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናቸው እኒያው እናት ሽባ ሆነው አልጋ ላይ ዋሉ፤ ኋላም አእምሯቸው ታወከ። ልጁ እናቱን ማጠብ፣ ማጉረስና ልብስ መለወጥ የየዕለት ሥራው ሆነ። ለወላጅ በጎ መዋል (ቢር አል-ዋሊደይን) ከአላህ ተገዥነት ቀጥሎ የታዘዝንበት ታላቅ ግዴታ ነው። ኤድሂ የበጎ ሥራን ትምህርት የቀሰሙት በዚያ የሕመም አልጋ አጠገብ ነበር። እናታቸው ካረፉ በኋላም፣ እንደ እርሳቸው አልጋ ላይ ወድቀው የሚያነሣቸው ያጡ ስንት ይሆኑ የሚለው ሐሳብ ከልባቸው አልጠፋም።

በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲከፈሉ ቤተሰቡ ወደ ካራቺ ተሰደደ። ኤድሂ በመንገድ ላይ ዕቃ እያዞሩ ሸጡ፤ ቀጥሎም በጅምላ ገበያ የጨርቅ ደላላ ሆነው ሠሩ። ከላባቸው ባገኙት ነበር የኖሩት። በ1951 ሚታደር በተባለው የከተማው ክፍል አንዲት ትንሽ የሕክምና መስጫ ከፈቱ። ሌሊት የሚመጣ ሕመምተኛ በር ዘግቶ እንዳይቆየውም ከደጃፏ ባለው አግዳሚ ላይ ይተኙ ነበር።

በ1957 በዓለም የተዛመተው የእስያ ኢንፍሉዌንዛ ካራቺ ሲገባ ድንኳን ተክለው ሕሙማንን በነጻ አስታመሙ። ይህን ያየ ሕዝብ ገንዘብ አዋጣላቸው፤ በዚያም አንድ አሮጌ መኪና ገዝተው አምቡላንስ አደረጉት። ባለቤት የሌለውን ጀናዛ በእጃቸው አጥበው ቀበሩ። ጀናዛ ማጠብ ፈርድ ኪፋያ መሆኑን በመድረሳ ሁላችንም ቀርተናል፤ የፈረሰን አስከሬን ከባሕርና ከመንገድ አንሥቶ ማጠብ ግን ለጥቂቶች የሚገር ነው። ያ አንድ አሮጌ መኪና በዕድሜያቸው ማብቂያ ከ1,500 በላይ አምቡላንሶች ሆኖ ነበር። ከመንግሥት ገንዘብ መቀበልን አልወደዱም፤ ብዙውን የሰጠው ተራው ሕዝብ ነው። እርሳቸውም በመንገድ ዳር ቆመው ለድኾች ለመለመን አላፈሩም።

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤

ኤድሂ ይህን ሁሉ ብቻቸውን አልሠሩትም። በ1960ዎቹ አጋማሽ በሕክምና መስጫው በነርስነት ትሠለጥን የነበረችውን ቢልቂስን አገቡ፤ አራት ልጆችም ወለዱ። ኑሯቸው ከድርጅቱ አጠገብ ባለች ጠባብ ቤት ነበር። ባልየው አምቡላንስ ሲነዱ ሚስትየዋ የእናቶችንና የሕፃናትን ሥራ መሩ። በ1986 የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማት የተሰጠው ለሁለቱም በአንድነት መሆኑ የተገባ ነበር። ባልና ሚስት በኸይር ሥራ ሲተባበሩ ቤታቸው ምን ያህል እንደሚሰፋ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ ለማኅበራችን የሚቀርበው ግን አንድ ነው። በማዕከሎቻቸው ደጃፍ ትናንሽ የሕፃናት አልጋዎችን አኖሩ፤ ከላያቸውም ሕፃኑን ከመግደል ይልቅ እዚህ አስቀምጡት የሚል ጽሑፍ ሰቀሉ። አምጥቶ ያስቀመጠውን ማንም ስምህ ማነው አይለውም። በዚህ መንገድ ከሞት የተረፉት ሕፃናት ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። በጃሂልያ ዘመን ሴት ልጅን ከነሕይወቷ መቅበርን ያወገዘ ሃይማኖት ተከታዮች ይህን ስንሰማ ልባችን ሊነካ ይገባል።

ሥራው ያለ ነቀፋ አላለፈም። ከጋብቻ ውጭ መውለድን ያበረታታል ያሉ ነበሩ። እኛ ግን የፊቅህ ሊቃውንት የተጣለ ሕፃንን፣ ማለትም ለቂጥን፣ ማንሣት ፈርድ ኪፋያ መሆኑን እንደጻፉ እናውቃለን፤ ካልተነሣ የሚሞት ከሆነ ደግሞ ያየው ሰው ሁሉ ይጠየቅበታል። በሃይማኖታችን አንዱ በሌላው ጥፋት አይቀጣም። ሕፃኑ ምን አጠፋ?

አባቱ የማይታወቅ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ በአባት ስም ፈንታ ምን ይጻፍለታል? ይህ ጥያቄ ቀላል መስሎ ስንቱን ልጅ አንገት ያስደፋ ነው። ኤድሂ በመዝገብ ላይ በአሳዳጊነት ስማቸው የሰፈረላቸው ልጆች ወደ 20,000 ይጠጋሉ። እስልምና ልጅን ወደ እውነተኛ አባቱ እንድናስጠጋ ያዛል፤ አባቱ ካልታወቀም የሃይማኖት ወንድማችን ነው። ስለዚህ የዘር ሐረጉን ሳንለውጥ ኃላፊነቱን እንወስዳለን። ከፋላ ማለት ይህ ነው። ቅዱስ ቁርኣን መርየምን ያሳደጓትን የነቢዩ ዘከሪያን (ዐ.ሰ.) ኃላፊነት የገለጸበት ቃል ከዚሁ ሥር የወጣ ነው።

መስማትና መናገር የማትችል አንዲት የህንድ ልጅ ድንበር አልፋ ፓኪስታን ገብታ ነበር። ቢልቂስ ከአሥር ዓመት በላይ ሲያሳድጓት ሂንዱ መሆኗን ተረድተው በእምነቷ ላይ ጫና አላደረጉባትም። በ2015 ወደ አገሯ ስትመለስ የህንድ ጠቅላይ ሚኒስትር 10 ሚሊዮን ሩፒ ለድርጅቱ ለመስጠት ቢያስቡ ኤድሂ በምስጋና መለሱት። አማና ማለት እንዲህ ነው፤ ልጅቷን ለአላህ ብሎ ያሳደገ ሰው ዋጋውን ከሰው አይጠብቅም።

ከ2013 ጀምሮ ኩላሊታቸው ደከመ። ውጭ አገር ሄደው እንዲታከሙ ሲጠየቁ እንቢ ብለው፣ ድኻው በሚታከምበት በአገራቸው የሕዝብ ሆስፒታል ቆዩ። በዒድ አል-ፊጥር ሰሞን፣ ሐምሌ መጀመሪያ 2016 ላይ፣ ወደ አኺራ ሄዱ። የተቀበሩት ከብዙ ዓመታት በፊት ራሳቸው ባስቆፈሩት መቃብር ነው። በሕይወታቸው ሁለት ቅያሪ ልብስ ብቻ እንደነበራቸው ይነገራል። ቢልቂስም በ2022 ተከተሏቸው። ሥራው ግን በልጃቸው መሪነት ቀጠለ፤ ልጆች ወላጆቻቸው የሚናገሩትን ብቻ ሳይሆን የሚሠሩትን እያዩ ያድጋሉና።

ውድ ለጋሾች፤

እኛ ሁላችን ኤድሂን እንሁን አንልም። በአገራችንም ከቀዬው ርቆ ኪታብ የሚቀራውን ደረሳ ካለችው ቁራሽ እያካፈለ ያኖረ የገጠር ሕዝብ አለን፤ መስጠት ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሚጎድለን መዝለቅ ነው። የቲም በረመዷን ብቻ አይራብም፤ ደብተርና ጫማም በመስከረም ብቻ አያልቅበትም። ሦስት ወር ተሰጥቶ የሚቋረጥ ድጋፍ ልጁን ከጀመረው መንገድ መሐል ይጥለዋል። ስለዚህ የምትችሉትን ትንሽ መጠን ወስናችሁ በየወሩ አድርሱ፤ አላህ ዘንድ የተወደደው ሥራ ቢያንስም የዘወተረው ነው። ስትሰጡም ልጁን በሰው ፊት አታቁሙት፤ «የቲሙ» ብላችሁ ሳይሆን በስሙ ጥሩት። እኛም በየቲሙ ገንዘብ ላይ ያለብን ሒሳብ ከባድ መሆኑን አንዘነጋም፤ የቲምን ገንዘብ ያለ አግባብ የሚበላ እሳት እንደሚበላ ተነግሮናልና።

እናንተ ባሎቻችሁን አጥታችሁ ልጆቻችሁን የምታሳድጉ እናቶች፤ ሥራችሁን አታሳንሱት። የዚያ ሁሉ አምቡላንስ መነሻ አንዲት እናት ለልጇ የሰጠቻት ሁለተኛዋ ሳንቲም ናት። ልጃችሁ ዛሬ ተቀባይ ቢሆንም ካለችው ላይ እንዲያካፍል አስተምሩት፤ ነገ ሰጪ ይሆናል።

ያ ረብ፤ ለዐብዱሰታርና ለቢልቂስ ምሕረትህን ለግስ፤ ከእኛም መካከል የቀደሙትን አባቶች ማር፤ ልጆቻቸውን የምናሳድግበት ጽናትና ኢኽላስ ስጠን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።