የበዳይ ጡረታና የተበዳይ ካሳ



ሌባ ተፈርዶበት እስር ቤት ሲገባ ሁላችንም እናያለን፤ የተሰረቀው ሰው ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን የሚያየው የለም። ዛሬ ልናገር የተነሣሁት ስለዚሁ ሁለተኛ ሰው ነው። በዳዩ ከጡረታው በቀር ሌላ ሀብት ባይኖረው፣ ካሳው ከዚያ ሊከፈል ይገባልን?

በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ፣ አንድ የቆርቆሮ ሠራተኞች ማኅበር መሪ ነበረ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደዚሁ ናቸው) ከ1964 እስከ 1981 ማኅበሩን ከመራ በኋላ ከ377,000 ዶላር በላይ ማጉደሉን በፍርድ ቤት አመነ። የጎደለው የሠራተኞቹ የማኅበር ገንዘብ መሆኑን ልብ በሉ። ለማኅበሩም 275,000 ዶላር እንዲከፍል ተፈረደ። እርሱ ግን ገና በእስር ሳለ ጡረታዬ ይሰጠኝ ብሎ ከሰሰ! የበታች ፍርድ ቤቶች ጡረታው ለማኅበሩ ይዋል አሉ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1990 ሻረው። በ1974 የወጣው ሕግ ጡረታ ለሌላ ተላልፎ እንዳይሰጥ ስለሚከለክል፣ ይህን የሚለውጥ ምክር ቤቱ እንጂ ዳኛ አይደለም አለ።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ተናደድሁ። በኋላ ግን ሕጉ ለምን እንደ ወጣ ሳስበው ንዴቴ ጥቂት በረደ። ጡረታውን ሚስቱም አብራ ትበላዋለች፤ እርሷ ደግሞ ከማኅበሩ ሣጥን አንዲት ሳንቲም አላነሣች ይሆናል።

በ1996 ምክር ቤቱ ለተበዳዮች ካሳ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። በ2007 መቀመጫው ሳን ፍራንሲስኮ የሆነው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በዚህ ሕግ መሠረት የወንጀለኛው ጡረታ ሊያዝ ይችላል፣ ነገር ግን እርሱ ራሱ በዚያን ጊዜ ሊቀበለው መብት ያለውን ያህል ብቻ ነው ብሎ ፈረደ። በ2010 ደግሞ ሌላ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በየወሩ ከሚከፈለው ጡረታ ከ25 በመቶ በላይ አይወሰድም አለ።

እርቦው ለተበዳይ፣ የቀረው ለበዳይ ቤት መሆኑ ደግ ነው። ነገር ግን ሒሳቡን እንመልከት። ጡረታው በወር 1,000 ዶላር ነው ብንል እርቦው 250 ነው። 275,000 ዶላር በዚህ ሲከፈል 1,100 ወር፣ ማለት ከ91 ዓመት በላይ ይፈጃል። ስሕተት መስሎኝ ሁለት ጊዜ አሰላሁት። ተበዳዩ ሽማግሌ ቢሆን ይህን እንዴት ይጠብቃል?

ስለዚህ በእኔ አሳብ መንግሥት ለተበዳዩ ከግምጃ ቤት አስቀድሞ ይክፈል፤ እርቦውንም ከበዳዩ ጡረታ በየወሩ ራሱ ይሰብስብ። ገንዘቡ ሁሉ እንደማይመለስለት አውቃለሁ። ጉድለቱን ግን ከተሰረቀው ሰው ይልቅ ግምጃ ቤቱ ቢሸከመው ይሻላል እላለሁ። በዚህ የማይስማማ ጓደኛ ቢኖር ክርክሩን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።